«ለደህንነት ማሻሻያ ተቋርጧል» ሲባል፦ በመንግሥት ኤሌክትሮኒክ አገልግሎቶች ውስጥ ያሉ የሦስተኛ ወገን ሶፍትዌሮች እና የደህንነት ደንቦች

ተገልጋዮች በድረ ገጽ ወይም በሞባይል መተግበሪያ አገልግሎት ለማግኘት ሲሞክሩ «አገልግሎቱ ለደህንነት ማሻሻያ ሲባል ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል መልእክት ሊያጋጥማቸው ይችላል። በአገልግሎት መስጫ መስኮት ላይ ይኸው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ አጥሮ «ሲስተም የለም» ይሆናል። ሁለቱ አባባሎች ግን አንድ አይደሉም። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ አገልግሎት መቆሙ አንድ ነገር ነው፤ ተቋሙ ዐውቆና ወስኖ አገልግሎቱን መዝጋቱ ሌላ ነው። ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ተቋማት ይህን ውሳኔ ከሚወስኑባቸው ምክንያቶች ዋነኛው በሲስተሙ ውስጥ የሚገኝ፣ ተቋሙ ራሱ ያልሠራው የሶፍትዌር ክፍል እንከን ሲገኝበት በመሆኑ፣ የእነዚህን ክፍሎች ምንነትና ስለ እነርሱ የወጡትን ደንቦች ማወቅ ለተገልጋዩም ይጠቅማል።

ላይብረሪ ምንድን ነው?

አንድ ተቋም የፈቃድ ማመልከቻ የሚቀበል ሲስተም ሲያሠራ የሲስተሙ እያንዳንዱ መስመር በተቋሙ ባለሙያዎች ወይም ውል በወሰደው ድርጅት አይጻፍም። መረጃን መመስጠር፣ ቀንን ከአንድ አቆጣጠር ወደ ሌላ መቀየር፣ የተላከን ጉርድ ፎቶግራፍ ማሳነስ፣ ደረሰኝ ማዘጋጀት፣ በሲስተሙ ውስጥ የተፈጸመውን ሁሉ በመዝገብ ማስፈር፣ እነዚህ ሁሉ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ባለሙያዎች አስቀድመው የሠሯቸውና ለፈለገ ሁሉ ያቀረቧቸው ሥራዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ዝግጁ የኮድ ክፍል በሙያው ቋንቋ ላይብረሪ ይባላል። ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮውን፣ ምስማሩንና የበሩን ቁልፍ ራሱ እንደማያመርት ሁሉ የሶፍትዌር ሠሪም ዝግጁ ክፍሎችን ወስዶ የራሱን ሥራ በላያቸው ይገነባል። የሶፍትዌሩን ነገር የሚያወሳስበው ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው መደጋገፋቸው ነው። ሠሪው ሃያ ክፍሎችን መርጦ ሲወስድ፣ እነዚያ ሃያዎቹ ሥራቸውን የሚሠሩባቸው ሌሎች በርካታ ክፍሎች ተከትለው ይገባሉ፤ ከእነዚህ መካከል ሠሪው ስማቸውን እንኳ ሰምቶ የማያውቃቸው ይኖራሉ።

አሠራሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። በተለይ ምስጠራን በተመለከተ የዘርፉ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ምክር ማንም ተቋም የራሱን የምስጠራ ኮድ ከባዶ እንዳይጽፍ፣ ብዙዎች የመረመሩትንና የተፈተነውን እንዲጠቀም የሚል ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው መሠረት በህንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረና ኮዱ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት ሶፍትዌር ነው።

ይህ ሲነገር «ኮዱ ከውጭ ከመጣ የእኔ መረጃ ወደ ውጭ ይሄዳል ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። መልሱ ክፍሉ በሚገባበት መንገድ ይወሰናል። ተቋሙ ኮዱን ወስዶ፣ መርምሮ፣ በራሱ ሰርቨር ላይ ካስቀመጠው ኮዱ የሚሠራው እዚያው ነው፤ የሠራው ሰው በሌላ አገር መኖሩ ብቻውን መረጃውን ወደዚያ አይወስደውም። በሌላ በኩል አንዳንድ ድረ ገጾች አንድን ክፍል በራሳቸው ሰርቨር ሳያስቀምጡ፣ ጎብኚው ገጹን በከፈተ ቁጥር ከሌላ ድርጅት ሰርቨር በቀጥታ እንዲጫን ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ የዚያ ድርጅት መጠለፍ የገጹ መጠለፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 የድረ ገጽን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ብራውዝአላውድ የተባለ አጋዥ ሶፍትዌር ተጠልፎ ሲለወጥ፣ እርሱን ከውጭ እየጫኑ ይጠቀሙ የነበሩ ከ4,000 በላይ ድረ ገጾች በጎብኚዎቻቸው ኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ የሚያመነጭ ኮድ ማሰራጨት ጀመሩ። ከእነዚህ ገጾች አንዱ በብሪታንያ የግል መረጃ ጥበቃን የሚቆጣጠረው የመረጃ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት መሆኑ ጉዳዩን የበለጠ አስተማሪ አድርጎታል። ጥብቅ የመንግሥት ደንቦች ክፍሎች ሁሉ ከውስጥ ሰርቨር ብቻ እንዲጫኑ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

በግብር ወቅት የተዘጋ አገልግሎት

ኦፕን ኤስኤስኤል በተጠቃሚው ስልክና በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር መካከል የሚተላለፈውን መረጃ የሚመሰጥር ላይብረሪ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 በወጣው እትሙ ውስጥ የገባ አንድ እንከን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ቆይቶ በሚያዝያ 7 ቀን 2014 ይፋ ሆነ፤ «ሃርትብሊድ» የሚል ስያሜም ተሰጠው። እንከኑ ማንኛውም የውጭ ሰው ወደ ሰርቨሩ አጭር መልእክት ልኮ፣ በምላሹ ከሰርቨሩ ማስታወሻ ውስጥ ሊያየው የማይገባውን መረጃ እንዲቀበል የሚያስችል ነበር። በዚያን ጊዜ ኦፕን ኤስኤስኤል የዓለምን የኢንተርኔት ግብይት ከፍተኛ ድርሻ ተሸክሞ ሳለ በሙሉ ጊዜው ይሠራበት የነበረው ባለሙያ አንድ ብቻ ነበር።

ለካናዳ የገቢዎች ኤጀንሲ ወቅቱ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የአገሪቱ ግለሰብ ግብር ከፋዮች ማስታወቂያቸውን የሚያቀርቡበት የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 30 በመሆኑ ሚያዝያ በእነርሱ ዘንድ በኢትዮጵያ እንደ ሐምሌ ወር የግብር ወረፋ የሚበዛበት ነው። ኤጀንሲው አገልግሎቱን ቢዘጋ ሚሊዮኖች ይጉላላሉ፤ ክፍት ቢተወው የእነዚሁ ሰዎች መረጃ ይጋለጣል። ኤጀንሲው መዝጋትን መረጠ። አገልግሎቱ ተጠግኖና ተፈትሾ እስከ ሚያዝያ 13 ተዘግቶ ቆየ፤ የማስታወቂያው ቀነ ገደብም እስከ ግንቦት 5 ተራዘመ። ሆኖም ምርመራው እንዳሳየው ከመዘጋቱ በፊት በነበረ የ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የ900 ያህል ሰዎች የማኅበራዊ መድን ቁጥር ተወስዶ ነበር። አንድ ቀን ተጨማሪ ቢጠበቅ ቁጥሩ ምን ያህል ሊሆን ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተገልጋይ ልዩ ጥቅም ያለው አንድ ዝርዝር ጉዳይ አለ። ኤጀንሲው የተጎዱትን ሰዎች ያሳወቀው በአደራ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ስልክ እንደማይደውልና ኢሜይል እንደማይልክም አስቀድሞ ለሕዝብ ገለጸ። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አጭበርባሪዎች የተቋሙን ስም ይዘው «መረጃዎ ስለተሰረቀ ለማስተካከል የይለፍ ቃልዎን ይንገሩን» እያሉ መደወላቸው የተለመደ ነው።

ምን እንዳለ አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ

ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያው በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ግዛት የተከሰተው ነገር ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግ4ጄ በተባለው፣ በሲስተም ውስጥ የሚፈጸመውን በመዝገብ የሚያሰፍር ላይብረሪ ውስጥ ከአሥር አሥር የአደጋ ደረጃ የተሰጠው እንከን ይፋ ሆነ። ላይብረሪው የሚዘጋጀው በበጎ ፈቃደኞች ሲሆን በየዓይነቱ ሶፍትዌር ውስጥ ተሰግስጎ ይገኝ ነበር። የኩቤክ መንግሥት ከድረ ገጾቹ የትኞቹ ይህን ክፍል እንደሚጠቀሙ የሚያሳይ ዝርዝር ስላልነበረው ወደ 4,000 የሚጠጉ ድረ ገጾችንና አገልግሎቶችን ለጥንቃቄ በአንድ ጊዜ ዘጋ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየፈተሸ መክፈት ጀመረ። ከተዘጉት መካከል ብዙዎቹ እንከኑ ጨርሶ ያልነካቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ዝርዝር የሌለው ተቋም ግን አንዱን ለይቶ ሊዘጋ አይችልም፤ ያለው ምርጫ ሁሉንም መዝጋት ወይም ሁሉንም ለአደጋ መተው ነው።

ከሁለቱ የባሰው ሦስተኛ ሁኔታ፣ ዘግቻለሁ ወይም ጠግኛለሁ ብሎ ማመን ነው። የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 አፓቼ ስትረትስ በተባለው ላይብረሪ ውስጥ እንከን መገኘቱ ተነግሮታል፤ ማሻሻያውም በዚያው ሰሞን ወጥቶ ነበር። ድርጅቱ እንዲህ ያለ ከባድ እንከን በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲጠገን የሚያዝ የጽሑፍ ደንብ ነበረው፤ ትእዛዙም ለሠራተኞቹ ተላልፏል። የተደረገው ፍተሻ ግን ላይብረሪው የሚገኝበትን አንድ የቆየ የቅሬታ ማቅረቢያ ገጽ ሳያገኘው አለፈ። ከግንቦት ጀምሮ ሰርጎ ገቦች በዚያ ገጽ በኩል ገብተው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰዱ። ድርጅቱ ጥብቅ ደንብ አልጎደለውም፤ የጎደለው ደንቡ የሚፈጸምባቸው ነገሮች የተሟላ መዝገብ ነበር።

ደንቦቹ የሚጠይቁት

በእነዚህና በመሰል ክስተቶች ምክንያት የመንግሥታት ደንቦች ትኩረት ወደ ዝርዝር መያዝ አዘንብሏል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በግንቦት 12 ቀን 2021 ያወጡት ትእዛዝ ቁጥር 14028 ለፌዴራል መንግሥት ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶች በምርታቸው ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ የሚያሳይ ዝርዝር እንዲያቀርቡ የሚያስችል አሠራር እንዲዘረጋ አዘዘ። ዝርዝሩ በታሸገ ምግብ ጀርባ ላይ እንደሚጻፈው የይዘት መግለጫ ነው፤ የእያንዳንዱን ክፍል ስም፣ የእትም ቁጥርና ምንጭ ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሥራ ላይ በዋለውና ዋና ዋና ግዴታዎቹ ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ በሚጸኑት የሳይበር ደህንነት ሕጉ ተመሳሳይ ግዴታ በአምራቾች ላይ ጥሏል። የሎግ4ጄ እንከን በተገኘ ጊዜ የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ በታኅሣሥ 17 ባወጣው አስቸኳይ መመሪያ ሲቪል የፌዴራል ተቋማት እስከ ታኅሣሥ 23 ድረስ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ሲስተሞቻቸውን ፈትሸው እንዲጠግኑ፣ አደጋውን የሚቀንስ እርምጃ እንዲወስዱ ወይም ከኔትወርክ እንዲያወጡ አዝዟል። ሊጠግንም ሆነ አደጋውን ሊቀንስ ያልቻለ ተቋም አገልግሎቱን ከመዝጋት ሌላ አማራጭ አልነበረውም ማለት ነው።

ከዝርዝሩ ሌላ ጥብቅ ደንብ ያለባቸው ተቋማት አንድ ክፍል ሲስተማቸው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚንከባከበው፣ የታወቀ እንከን እንዳለበትና የአጠቃቀም ፈቃዱ ምን እንደሚል ይመረምራሉ። ከኢንተርኔት ፈጽሞ በተለዩ የመንግሥት ኔትወርኮች ውስጥ ደግሞ ክፍሉ በተፈተሸ ማከማቻ ተይዞ በእጅ ይገባል፤ እያንዳንዱ ማሻሻያም ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

ተገልጋዮች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ማሻሻያው ወጥቶ ከሆነ ለምን ወዲያው አይጫንም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም መዘግየቱ ሰበብ የሌለው ቸልተኝነት ይሆናል። ነገር ግን አዲስ እትም ሁሉ ደህና እትም አይደለም። ለሎግ4ጄ እንከን የወጣው የመጀመሪያ ማሻሻያ ያልተሟላ ሆኖ በመገኘቱ በዚያው ወር ውስጥ ተከታታይ እትሞች መውጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚህ የሚከፋው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የተጋለጠው ነው። ኤክስዜድ በተባለ ፋይል የሚጨምቅ ላይብረሪ ውስጥ፣ ለዓመታት በትጋት እየሠራ አመኔታ ያተረፈ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ተባባሪ በአዲሶቹ እትሞች ውስጥ ስውር መግቢያ አስቀምጦ ነበር። የተያዘውም አንድ የማይክሮሶፍት ባለሙያ ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል መርዘሙን አስተውሎ ምክንያቱን ሲፈልግ ነው። በወጣበት ቀን ማሻሻያ የሚጭን ተቋም ያንን መግቢያ በገዛ እጁ ይከፍት ነበር።

ምስጠራን የሚመለከተው ደንብ ደግሞ የራሱ እንቅፋት አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ተቋማት ፊፕስ 140 በተባለው መመዘኛ ተፈትኖ የተመሰከረለትን የምስጠራ ክፍል ብቻ እንዲጠቀሙ ይገደዳሉ። ምስክርነቱ የሚሰጠው ለአንድ የተወሰነ እትም ነው። እንከን ተገኝቶ ክፍሉ ሲጠገን የተጠገነው እትም ምስክርነት የሌለው ይሆናል፤ ምስክርነት ያለው ደግሞ እንከኑን እንደያዘ ነው። ደንብ ያወጡት ሰዎች ይህን ቅራኔ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልፈቱትም፤ ተቋማትም በመካከሉ በየጊዜው መወሰን አለባቸው።

በኢትዮጵያ ያለው ኃላፊነት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ተቋማት ሲስተሞች ላይ የሳይበር ደህንነት ፍተሻና ግምገማ የሚያካሂደው የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። የግል መረጃን የሚመለከተው ግዴታ ደግሞ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል። በአዋጁ መሠረት የሰዎችን ዳታ የሚሰበስብ ተቋም ለጥበቃው ተገቢውን ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ እርምጃ የመውሰድ ኃላፊነት አለበት፤ ባለ ዳታውም ስለ እርሱ የተያዘውን የማወቅና የተሳሳተውን የማስረም መብት አለው።

ይህ ኃላፊነት ወደ ላይብረሪው ሠሪ እንደማይተላለፍ ልብ ሊባል ይገባል። ክፍት ሶፍትዌሮች የሚለቀቁባቸው የተለመዱ ፈቃዶች ሥራው «ባለበት ሁኔታ» የቀረበ መሆኑንና ሠሪዎቹ ምንም ዓይነት ዋስትና እንደማይሰጡ በግልጽ ይናገራሉ። በነፃ የተሰጠን ነገር ሠሪውን መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ዳታው የተጋለጠበት ዜጋ «ችግሩ የእኛ አይደለም፣ የላይብረሪው ነው» የሚል መልስ ቢሰጠው መልሱ በቂ አይደለም፤ ክፍሉን መርጦ ያስገባው ተቋም ተጠያቂነቱን አብሮ አስገብቷል።

አገልግሎቱ ሲቋረጥ

ለደህንነት ማሻሻያ የተቋረጠ አገልግሎት ሲያጋጥም ተገልጋዩ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያለበት መልእክቱ የተነገረው በተቋሙ ትክክለኛ አድራሻ መሆኑን ነው። በተቋረጠ ጊዜ «አማራጭ ማስፈንጠሪያ» ወይም «አዲሱ መተግበሪያ» ተብሎ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የሚላክ ፋይል አይጫንም። መተግበሪያ የሚታደሰው ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ነው። በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር ለማንም፣ የተቋሙ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ጭምር፣ አይነገርም። በኢንተርኔት ቤት ወይም በጉዳይ አስፈጻሚ አማካይነት ማመልከቻ ያቀረቡ ሰዎች አገልግሎቱ ሲመለስ የይለፍ ቃላቸውን በራሳቸው ስልክ ቢቀይሩ ይመረጣል።

ቀነ ገደብ ያለበት ጉዳይ የያዘ ተገልጋይ የማቋረጫ መልእክቱን ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ፤ የማመልከቻ ቁጥር ተሰጥቶት ከሆነም ይመዝግበው። ቀነ ገደብ የሚራዘመው ሥልጣን ባለው ተቋም ማስታወቂያ ብቻ በመሆኑ «ሲስተም ስለሌለ ይራዘማል» ብሎ በግምት መቀመጥ ለቅጣት ሊዳርግ ይችላል። ጉዳዩ በወረቀት መስተናገድ የሚችል ከሆነ ማመልከቻውን በአካል አቅርቦ ገቢ የተደረገበትን ቀንና ማኅተም የያዘ ቅጂ መቀበል ይገባል።

አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላ ድረ ገጹ በአንዳንድ የቆዩ ስልኮች ላይ አልከፈት ሊል ይችላል። የቀድሞዎቹ የምስጠራ ሥርዓቶች፣ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት ውጭ እንዲሆኑ በመወሰኑ የታደሱ ሲስተሞች እነርሱን አይቀበሉም። ከአንድሮይድ 5 በፊት በወጡ ስልኮች ላይ ደግሞ የሚተካቸው ሥርዓት በተለመደው አቀማመጥ ያልበራ በመሆኑ ስልኩ ከሰርቨሩ ጋር ሊግባባ አይችልም። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ተገልጋይ የገዛ መረጃው ተሰርዟል ብሎ መስጋት የለበትም፤ በሌላ ስልክ ወይም በአገልግሎት መስጫ ማዕከል ቀርቦ በማመልከቻ ቁጥሩ ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ መጠየቅ ይችላል።